ግልጽ ደብዳቤ ለላሊበላ፦ አዲሱ የመንገድ መብራት ከመተከሉ በፊት

ለላሊበላ ከተማ አስተዳደር
ለከተማዋ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ለአብያተ ክርስቲያናቱ አባቶች
ለሆቴል ባለቤቶችና ለአስጎብኚዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ጉዳይ ለመጠየቅ ነው። በከተማችሁ ዙሪያ ኮከብ ለማየት የሚመቹ ጨለማ ቦታዎችን መርጣችሁ በሥርዓት ለእንግዳ ክፈቱ። ከተማ ውስጥ የሚተከለው መብራት ደግሞ ወደ መሬት እንጂ ወደ ሰማይ እንዳያበራ ከወዲሁ ደንብ አውጡ። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለምንና እንዴት የሚለው ግን ትንሽ ያስረዝመኛል፤ ታገሱኝ።

እኔ የሥነ ፈለክ ባለሙያ አይደለሁም። አዲስ አበባ የምኖር፣ አንድ ባይኖኩላርና አንድ መለስተኛ ቴሌስኮፕ ያለኝ፣ ማታ ማታ ጣራ ላይ የምወጣ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ላይ ማንን እንደምሰልል ጠርጥረው ነበር። አሁን ለምደውኛል፤ እንዲያውም ጨረቃን እንዳሳያቸው ልጆቻቸውን ይልኩልኛል። ችግሩ አዲስ አበባ ላይ ከጨረቃ ሌላ የሚታየው ጥቂት ነው። ጁፒተር አለ፣ ሳተርን አለ፣ ደማቅ ደማቅ የሆኑት ኮከቦች አሉ። ፍኖተ ሐሊብን፣ በሰማይ ላይ እንደ ነጭ ጭስ የሚዘረጋውን የከዋክብት ጎዳና፣ ግን እርሱት። ስለዚህ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ወደ ተራራ እወጣለሁ። ካየኋቸው ቦታዎች ሁሉ የላስታን፣ የእናንተን አካባቢ፣ ሰማይ የሚስተካከል አላገኘሁም።

ይህ የአድናቂ ወሬ ብቻ አይደለም። ከተማችሁ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከአናቷ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍ ባልን ቁጥር የኮከቡ ብርሃን የሚያልፍበት አየር ይሳሳል፤ አቧራውም እርጥበቱም ከእግር በታች ይቀራል። የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ለተከታታይ ሌሊቶች ጥርት ብሎ ያድራል። በአካባቢው ተራሮች ላይ ትልቅ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ለማቆም የአገራችን የስፔስ ሳይንስ ሰዎች ጥናት ሲያደርጉ የነበረውም ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ናት። ይህ ቁጥር ለቱሪስት ማስታወቂያ ቢሠራበት ወርቅ ነበር። ለንደን ያለ ሰው የደቡብ መስቀል የተባሉትን ኮከቦች አያይም። ኬፕታውን ያለ ሰው የሰሜን ኮከብን አያይም። ላሊበላ ላይ ግን ሁለቱም ይታያሉ። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ በአንድ በኩል፣ የደቡብ መስቀል በሌላው በኩል። በግንቦት ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ የደቡብ መስቀል ደቡቡን ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ገና ሰሞን ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወጥቶ ሊነጋጋ ሲል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤተ ጊዮርጊስን በመስቀል ቅርጽ ከአለት ፈልፍላ ያቆመች ከተማ ለእንግዳዋ «ዛሬ ማታ ደግሞ ሌላ መስቀል አሳይሃለሁ» ብትል ማን ይቆጣታል? አስጎብኚዎቻችሁ ይህን እስካሁን አለመጠቀማቸው ይገርመኛል።

ለአባቶች ግን ሰማይን ላስረዳ ብል ድፍረት ይሆንብኛል። በዓልና አጽዋማት የሚወጡት በባሕረ ሐሳብ ነው፤ የፀሐይና የጨረቃን ዑደት ማስላት በአብነት ትምህርት ቤት የኖረ ዕውቀት ነው። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ የሚናገረው መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ነው። እንግዳው ቴሌስኮፕ ውስጥ ካየ በኋላ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት የስሌቱ ቁጥሮች እንዴት እንደሚወጡ ቢነግሩት፣ ያንን በሌላ አገር ምንም ያህል ቢከፍል አያገኘውም።

አሁን ወደ ሚያሳስበኝ ነገር ልግባ።

እንጦጦ ላይ ምን እንደሆነ እንይ። በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ ተማሪ ሠልጥኖበታል፣ ሰው ሰማይን ቀና ብሎ እንዲያይ አድርጓል። ነገር ግን ከሥሩ አዲስ አበባ አለች። ከተማዋ በየዓመቱ ትሰፋለች፣ በየዓመቱ ትደምቃለች፣ ድምቀቷ ወደ ላይ ይወጣል። ቴሌስኮፑ ቢገዛም ጨለማው ሊገዛ አልቻለም። አዲስ አበባን ደግሞ «እባክሽ አጥፊው» ማለት አይቻልም፤ ጊዜው አልፏል። ለላሊበላ ግን አላለፈም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ደብዳቤውንም ያጻፈኝ ይኸው ነው።

በየከተማው የኮሪደር ልማቱ እየሰፋ መሆኑን ሁላችንም እያየን ነው። የእግረኛ መንገዱን ወድጄዋለሁ። ማታ ማታ ቤተሰብ ወጥቶ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። መብራቱ ላይ ግን አንዳንዴ እጃችን ይበዛል። ዛፉ ላይ መብራት፣ አጥሩ ላይ መብራት፣ ሕንፃው ግድግዳ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚተኩስ አረንጓዴና ሐምራዊ መብራት። ለትልቅ ከተማ ይሁን እንበል። ላሊበላ ላይ ያንኑ ንድፍ ቀድቶ መለጠፍ ግን ከተማዋን የሌላ ከተማ ቅጂ ያደርጋታል። እንግዳ ከሩቅ አገር የሚመጣው በቤቱ ያለውን ለማየት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ስለ ጨለማ ጥቅም ትሰብካለህ፤ እኛ በጦርነቱ ጊዜ ለብዙ ወራት ያለ መብራት እንደኖርን ታውቃለህ?» ቢለኝ እውነቱን ነው። አውቃለሁ። ወፍጮ ሲቆም፣ ጤና ጣቢያ በጧፍ ሲያዋልድ፣ ስልክ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ የላሊበላ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። መብራት ይቀነስ አላልኩም። ሴት ልጅ ማታ ከሥራ ስትመለስ የምትሄድበት መንገድ በደንብ ይብራ። ደረጃው ይብራ፣ ገደል አፋፉ ይብራ፣ ሆስፒታሉ ይብራ። እያልኩ ያለሁት መብራቱ ሰው ወደሚረግጠው መሬት ይሂድ ነው። ወደ ሰማይ የሚሄደውን ብርሃን ማንም አይጠቀምበትም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በአንዱ ጉዞዬ ገደል አፋፍ ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አርፌ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎቹም ከሱ አይለዩም። በረንዳው ሸለቆውን ቁልቁል ያያል፤ ለኮከብ የተሠራ ነው የሚመስለው። ራት ከበላሁ በኋላ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ጣራው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ፓውዛ ተሰቅሏል። ግማሹ ብርሃን ማንም ወደሌለበት ሸለቆ ይፈስሳል፣ ግማሹ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ጥበቃውን ለምኜ ለግማሽ ሰዓት እንዲያጠፋልኝ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣ ካጠፋሁትማ ሌባ ቢመጣ በምን አየዋለሁ?» አለኝ።

«አሁንስ ታያለህ? በሩ ጋ የቆመ ሰው አለ ወይ?»

እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ አየ። «የለም» አለ። በሩ ሥር ፈንጠር ብሎ የቆመው ባልደረባው ሳቀ። ከፓውዛው ሥር ሆኖ ሲያይ ዓይኑ ታውሮ ነበር፤ ደማቁን ብርሃን የለመደ ዓይን ጥላ ውስጥ ያለውን ሰው አይለይም። መሰላልና ፒንሳ ተፈለገ፣ ብሎኑ ላላ ተደረገ፣ ፓውዛው አንገቱን ወደ ግቢው ደፋ። በሩም፣ ባልደረባውም፣ የቆመበት ድንጋይም ቁልጭ ብለው ታዩ። እኔም ሰማዬን አገኘሁ። ጥበቃው ከዚያ በኋላ ባይኖኩላሩን ተቀብሎኝ ሰባቱን ከዋክብት ሲያይ «ሰባት አይደሉም እኮ፣ መንጋ ናቸው» አለ። ትክክል ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

እንግዲህ የመብራቱ ደንብ ከዚህ የራቀ አይደለም። አምፖሉ ከላይ ቆብ ይኑረው፣ ብርሃኑ ወደ ጎንና ወደ ላይ እንዳይወጣ። ቆብ ያለው የመንገድ መብራት በገበያ አለ። ያለ ቆብ ለተሰቀለው ደግሞ ላሜራ ቆርጦ ቆብ መሥራት ለማንኛውም የብየዳ ቤት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀለሙም ቁም ነገር ነው። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አዙራችሁ እዩት። ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፤ 6500 ኬልቪን የሚል ከሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። ሰማያዊ ብርሃን አየር ላይ በቀላሉ ይበተናል፤ ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማታ ሲበተን ሰማዩን ያነጣዋል። 3000 ኬልቪንና ከዚያ በታች የሆነው፣ እኛ ቢጫ አምፖል የምንለው፣ ለሰማይም ለዓይንም የተሻለ ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ቀይ አለትም ያምርበታል። ነጩ መብራት የላሊበላን ድንጋይ የሬሳ መልክ ይሰጠዋል። ይሄ እንኳ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሂዱና እዩት።

የማይጠቅም መብራት ደግሞ በጊዜ ይጥፋ። ሱቅ ከተዘጋ በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳ ለማን ይበራል?

ይህ የቅዠት ሐሳብ አይደለም፤ የሠሩት አሉ። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ የምትባል ተራራማ ከተማ አለች። ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ሎዌል የተባለው የከዋክብት መመልከቻ ያለው እዚያ ነው። ከተማዋ ሰማይ የሚጠርጉ የማስታወቂያ ፓውዛዎችን በሕግ የከለከለችው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዓለም የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተብላ ዕውቅና አገኘች። በውስጧ ከ70,000 በላይ ሰው ይኖራል፣ ሱቅ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ባቡር ያልፍባታል። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ የለም። ወደ እኛ ቀረብ እንበል፤ ናሚቢያ ውስጥ ናሚብራንድ የተባለው ጥብቅ ስፍራ በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ዛሬ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚሄደው አሸዋውንና ሰማዩን ሊያይ ነው። ናሚቢያ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የላትም። እናንተ አሥራ አንድ አላችሁ፤ ሰማዩም አለ።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልናገር። አብዛኛው እንግዳ ጠዋት ደርሶ አብያተ ክርስቲያናቱን በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ጎብኝቶ ይሄዳል። ማታ የሚያየው ነገር ካለ አንድ ሌሊት ይጨምራል። አንድ ሌሊት ማለት አንድ አልጋ፣ አንድ ራት፣ አንድ ቁርስ፣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ባጃጅ ወይም አንድ በቅሎ ነው። ለዚህ ሕንፃ አይሠራም። ኮከብ የመግቢያ ትኬት ማተሚያ እንኳ አያስፈልገውም፤ አስጎብኚው ብቻ ይሠልጥን።

ቦታዎቹስ የት ናቸው? እኔ ካየሁት ተነሥቼ ልናገር፤ የአገሩ ሰው የበለጠ ያውቃል።

አሸተን ማርያም ሁሉም የሚያውቃት ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፣ መንገዱ ቁልቁለቱም ዳገቱም ጉልበት ይፈትናል፣ በቅሎ አለ። ሰው የሚሳሳተው ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳየው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ነው። ለፎቶ ያምራል፤ ለኮከብ ግን የከተማው መብራት ፊት ለፊት ይመታል። ከጠርዙ ወደ ኋላ ትንሽ መመለስና ከተማውን ኮረብታ እንዲጋርደው ማድረግ ብቻ ይበቃል። ገዳሙ ግቢ ውስጥ ግን አይሁን፤ የጸሎት ቦታ ነው።

ከዚያ በላይ ሁዳድ አለ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ አድማሱ ክፍት ነው፣ ቀን ጭላዳ ዝንጀሮ የሚግጥበት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም አንደኛ እሱ ነው። ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ኮከብ ሳይሆን ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ነው የሚቆጥረው። ከአቡነ ዮሴፍ ወገን ያለው ከፍተኛ ቦታ ቀይ ቀበሮም የሚኖርበት ስለሆነ መኪና ይዞ መብራት እያበሩ መንጎድ ፈጽሞ መከልከል አለበት።

ይምርሃነ ክርስቶስ ጨለማው ጥሩ ነው፣ ጽዱም ዙሪያውን አጥሮታል። ግን ሸለቆ ስለሆነ ሰማዩ ይጠባል። እዚያ የሚያድር ሰው አናት ላይ ያለውን ያያል፤ የደቡብ መስቀልን አይጠብቅ። ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ቢልባላ አካባቢ ደግሞ ገለጥ ያለ መሬት አለ። ናኩቶ ለአብ ለከተማው ቅርብ ነው፤ አቅም ለሌለው፣ ሕፃን ለያዘ፣ ዕድሜው ለገፋ እንግዳ ይህ ይሻላል።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሐሳብ አውድማ ነው። የላስታ አርሶ አደር አውድማውን የሚሠራው ነፋስ በሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሜዳ ነው፣ ክብ ነው፣ የተጠረገ ነው፣ ድንጋይ አይደናቅፍም፣ ዛፍ አይጋርድም። ውቂያው ካበቃ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ፣ ባዶውን ይቀመጣል። ልክ ሰማዩ ጥርት በሚልበት ሰሞን። ባለቤቱ አንድ ሁለት ሰሌን ያንጥፍ፣ ሻይ ያፍላ፣ ቆሎ ይቁላ፣ በሌሊት ክፍያ ይቀበል። ከተማ ዳር ያለው ገበሬ ከቱሪዝሙ ምን አገኘ ለሚለው የቆየ ጥያቄ ትንሽም ብትሆን መልስ ናት። ከገደል የራቀውን አውድማ መምረጥ፣ ውሻ ማሰር፣ መንገዱን በቀን አስቀድሞ መርገጥ የአስጎብኚው ሥራ ይሁን።

የት ተመረጠም የት፣ መለኪያው ቀላል ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆይ። በዚያ ጊዜ ስልክ አይከፈት። አንድ ሰው «ትንሽ ብቻ ሜሴጅ ልይ» ካለ የሁሉም ሰው ግማሽ ሰዓት ገደል ገባ፤ እንደገና ከዜሮ ነው። ባትሪ የሚያስፈልግ ከሆነ ፊቱ ላይ ቀይ ላስቲክ ይጠቅለልበት፣ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙም አይረብሽም። ከዚያ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ፣ መሐል መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር ስንጥቅ ሁሉ ከታየ ቦታው ደህና ነው። ካልታየ ዞር በሉ። ቦታ ሲመረጥም በጨረቃ ሌሊት አይሂዱ። ሙሉ ጨረቃ ላይ ሁዳድም ከአዲስ አበባ ብዙ አይሻልም።

የጸጥታውን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ክልሉ ያለበትን ሁኔታ ከእኔ ይልቅ እናንተ ትኖሩታላችሁ። ማታ ከከተማ መውጣት በማይቻልበት ጊዜ ማንም እንግዳ ይዞ ሁዳድ ይውጣ አልልም። እስከዚያው ከተማ ውስጥ መጀመር ይቻላል። ሸለቆ አፋፍ ላይ ያሉት ሆቴሎች ተነጋግረው በሳምንት አንድ ማታ፣ ከምሽቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ የውጭ ፓውዛቸውን ቢያጠፉ በረንዳቸው በቂ ነው። ሰላም ሲሆን ደግሞ ሥራው ተሠርቶ፣ ቦታው ተመርጦ፣ አስጎብኚው ሠልጥኖ ይጠብቅ። በሰኔ 2012 የሆነውን አስታውሱ። ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ የቀለበት የፀሐይ ግርዶሹ መሐል መስመር በላሊበላ አለፈ። የዓለም ሰማይ ተመልካች ሁሉ ሊመጣ ይችል ነበር፤ ኮሮና በሩን ዘጋው። በዚያ ማንም ጥፋተኛ የለም። በሩ ሲከፈት ዝግጁ አለመሆን ግን በራሳችን ነው።

ሰማዩ ደግሞ ቀጠሮ ያከብራል። ሦስት ቀን ልንገራችሁ፣ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፏቸው።

የመጀመሪያው ታኅሣሥ 4 ለ5 ሌሊት፣ 2019 ዓ.ም.። ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ከፍ የሚልበት ሌሊት ነው፤ ፋኤቶን የተባለ አስትሮይድ፣ ፀሐይን የሚዞር አለት፣ ጥሎት የሚሄደው ብናኝ አየራችን ውስጥ ሲቃጠል ነው የሚታየው። ጥሩ ጨለማ ባለበት በሰዓት ከ100 በላይ ሊቆጠር ይችላል። ፈረንጆቹ በነሐሴ የሚያከብሩት ፐርሴይድ ለእኛ በደመና ይሸፈናል፤ ጀሚኒድ ግን በበጋችን ይመጣል። በዚያ ዓመት ጨረቃዋ ገና ጨቅላ ናት፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ትጠልቃለች።

ሁለተኛው የ2019 ዓ.ም. የገና ዋዜማ። በዚያ ሌሊት ጨረቃ የለችም። የበዓሉ ሌሊት ከጨረቃ አልባ ሌሊት ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። በዚያ ላይ ሊነጋጋ ሲል አጥቢያ ኮከብ በምሥራቅ ደምቃ ትታያለች። ምእመኑ ለጸሎት ነው የሚመጣው፣ ማንም እንዲያስቸግረው አልፈልግም። ማኅሌቱ በጧፍ ይደምቃል፣ የተሳላሚው መንገድና ደረጃ በደንብ ይብራ፤ ሕዝቡ ብዙ ነው። የሚበዛው ጌጥ የሆነው መብራት ግን ለዚያች ሌሊት ብቻ ቢጠፋ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ተሳላሚ በመንገዱ ሲመራው የሰነበተውን ሰማይ ከተማ ውስጥም ያገኘዋል።

ሦስተኛው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም.። ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተሩብ አካባቢ ጀምሮ ጨረቃ ከአንድ ሰዓት በላይ የደም መልክ ይዛ ትቆያለች። ሰው ሳይተኛ፣ ራት ሰዓት ላይ፣ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ከዚህ የተመቸ ቀጠሮ ሰው ራሱ ልምረጥ ቢል እንኳ አያገኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የከተማው አስተዳደር ለመንገድ መብራት ጨረታ ሲያወጣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምር፤ ቆብ ያለው ይሁን፣ ከ3000 ኬልቪን አይብለጥ። ባህልና ቱሪዝም ከአስጎብኚዎች ጋር ሆኖ ሦስት ቦታ ይምረጥ፣ አንዱ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ አውድማ፣ አንዱ ተራራ ላይ። ሆቴሎች ፓውዛቸውን አንገት ያስደፉ። አባቶች የትኛው ቦታ ለሌሊት እንግዳ እንደሚፈቀድና የትኛው እንደማይፈቀድ ወሰኑን ይንገሩን፤ እኛ እንጠብቃለን።

እኔ በበኩሌ ታኅሣሥ 4 ቀን፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ ቴሌስኮፔን ይዤ እመጣለሁ። እንደኔ ያበዱ ጥቂት ጓደኞች አሉኝ፣ እነሱም ይመጣሉ። ለአስጎብኚዎችና ለትምህርት ቤት ልጆች ያለ ክፍያ እናሳያለን። ከናንተ የምንፈልገው አንድ ገለጥ ያለ ቦታና የዚያን አካባቢ መብራት የሚያጠፋ ሰው ስልክ ቁጥር ነው። ቴሌስኮፑን በአውቶቡስ ይሁን በአውሮፕላን እንደማመጣው ገና አልወሰንኩም፤ እሱን ለእኔ ተዉት። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከአዲስ አበባ፣ ጣራ ላይ የሚወጣው ሰው